ከዓምዱ ወዲያ የቆሙት ልጆች፦ አንድ ቀን በሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ቁርኣን በምድር ላይ ተጉዘን ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ፍጻሜያቸው እንዴት እንደነበረ እንድንመለከት በብዙ ቦታ ያሳስበናል። ይህን ስንሰማ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ፈርዖን አገር ወይም ወደ ዓድና ሰሙድ ፍርስራሽ ነው። ይሁን እንጂ የነገሥታት ፍጻሜ የሚታይበት ቦታ ሁልጊዜ ሩቅ አይደለም። ለንደን ለምንኖረው ለእኛ የአንድ ባቡር መንገድ ብቻ ሆኖ አግኝተነዋል።

ታላቋ ልጃችን 12 ዓመቷ ነው። በትምህርት ቤቷ ስለ ቱዶር ነገሥታት ስለተማረች የሰማችውን ማታ ማታ ለእህቶቿ ትተርክላቸዋለች። «ንጉሡ ስድስት ሚስት አገባ፤ የሁለቱን አንገት አስቆረጠ» ስትል የ4 ዓመቷ ትንሿ እናቷ ጉያ ውስጥ ትሸሸጋለች። የ9 ዓመቷ መካከለኛ ደግሞ «ለምን?» እያለች ታፋጥጣታለች። እኛም ለዚህ «ለምን» መልሱን በቦታው ተገኝተን እንድንፈልገው አሰብንና በሐምሌ ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሳምቡሳችንን ጠቅልለን፣ ሻያችንን በፔርሙዝ ሞልተን፣ መስገጃችንን አጣጥፈን ከቤት ወጣን። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሥጋ ነጋዴ ልጅ እስከ ንጉሡ

ከዋተርሉ ጣቢያ የተነሳው ባቡር ከግማሽ ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ሃምፕተን ኮርት አደረሰን። ከጣቢያው ወጥቶ የቴምዝን ወንዝ ድልድይ የተሻገረ ሰው ቀይ የሸክላ ጡብ ሕንፃውን ፊት ለፊት ያገኘዋል። ከጣሪያው በላይ እንደ ደን የበዙ የጭስ ማውጫዎች ቆመዋል። ጡቡ ተጠማዞና ተጠላልፎ ስለተሠራ አንዱ የጭስ ማውጫ ከሌላው አይመሳሰልም።

ቱዶር እ.ኤ.አ. ከ1485 እስከ 1603 እንግሊዝን የገዛው ቤተሰብ ስም ነው። ከእነርሱ ሁሉ ይበልጥ የሚወራለት ሄንሪ ስምንተኛ ነው፤ ከ1509 እስከ 1547 ነግሧል። ዘመኑን በእኛ ታሪክ ለማስታወስ ያህል፣ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ከሐረር ተነስተው የዘመቱት፣ በኢስታንቡል ደግሞ ሱልጣን ሱለይማን የገዙት በዚሁ በሄንሪ ዘመን ነው።

የሚያስገርመው ግን ቤተ መንግሥቱን መጀመሪያ ያሠራው ንጉሥ አለመሆኑ ነው። ያሠራው ቶማስ ዎልዚ ነው። ዎልዚ በኢፕስዊች ከተማ የሥጋ ነጋዴ ልጅ ሆኖ ተወልዶ በትምህርቱና በብልሃቱ የካቶሊክ ካርዲናልና የንጉሡ ዋና ሹም ለመሆን የበቃ ሰው ነበር። ቦታውን በ1514 ተከራይቶ በቀጣዩ ዓመት ግንባታውን ጀመረ። ቤቱን ለማስጌጥም በቬኒስ ነጋዴዎች በኩል የሙስሊሙን ዓለም ምንጣፎች ይፈልግ ነበርና በ1520 ስድሳ ምንጣፎች በአንድ ጊዜ ደረሱለት። በዚያ ዘመን እንግሊዛውያን እንዲህ ያለውን ምንጣፍ በእግር መርገጡ ስለሚያሳሳቸው ብዙውን ጊዜ በጠረጴዛ ላይ ያነጥፉት ነበር። መካከለኛዋ ይህን ስትሰማ የያዝነውን መስገጃ አየት አድርጋ «እኛ ግን ግንባራችንን ነው የምናሳርፍበት» አለች።

ዎልዚ ብዙ አልኖረበትም። የንጉሡን ጋብቻ ለማፍረስ የሮማውን ፓፓ ፈቃድ ማስገኘት ስላቃተው ከንጉሡ ዓይን ወደቀ። ቤተ መንግሥቱን ለንጉሡ አስረከበ፤ በ1530ም በክህደት ተከሶ ወደ ለንደን ሲወሰድ በመንገድ ላይ ሞተ። የመጀመሪያውን ግቢ ስናቋርጥ ለልጆቻችን የነገርናቸው ይህንን ነው። ሰው የገነባውን ቤት ሌላ ሰው ይኖርበታል፤ የሚኖርበትም ትቶት ይሄዳል።

ወጥ ቤቱና ሰዓቱ

ልጆች በጣም የሚወዱት ወጥ ቤቱን ነው። «ወጥ ቤት» ስንል አንድ ክፍል እንዳይመስላችሁ፤ ሃምሳ አምስት ክፍሎች ነበሩት። ወደ 200 የሚሆኑ ሰዎች እየሠሩበት በቀን ከ800 በላይ ማዕድ ይቀርብ ነበር። እኛ በሄድንበት ቀን ከትልልቆቹ ምድጃዎች በአንዱ እሳት ይነድ ስለነበር ሙቀቱ ከሩቅ ይጋረፋል። በዚያ ዘመን ቀኑን ሙሉ እሳቱ ሥር ተቀምጠው በረጅም ብረት የተሰካውን ሥጋ የሚያገላብጡ ወጣቶች ነበሩ። ለአሽከሮቹ ደግሞ 28 መቀመጫ ያለው የጋራ መጸዳጃ ቤት እንደነበር ስንነግራቸው ልጆቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እኛም በዚያው ስለ ጠሃራና ስለ ኢስቲንጃእ ጥቂት አልን። እንዲህ ያለው ትምህርት በሳቅ መካከል ሲነገር አይረሳም።

ከወጥ ቤቱ ወጥተን በ1540 የተሠራው የሥነ ፈለክ ሰዓት ወዳለበት ግቢ ገባን። ይህ ሰዓት የሚቆጥረው ሰዓትን ብቻ አይደለም። ወሩን፣ ቀኑን፣ የጨረቃን ዕድሜና በለንደን ድልድይ የወንዙ ውኃ የሚሞላበትን ጊዜ ጭምር ያሳያል። ንጉሡ በጀልባ ይመላለስ ስለነበር የውኃውን ሙላት ማወቁ ለቤተ መንግሥቱ ሰዎች ያስፈልጋቸው ነበር። በሰዓቱ ላይ ፀሐይ በመሬት ዙሪያ ስትዞር ትታያለች፤ የኮፐርኒከስ መጽሐፍ የታተመው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1543 ነውና። በጨረቃ ረመዷንን የምንይዝ እኛ፣ ጨረቃዋ ስንት ቀኗ እንደሆነ ከሰዓቱ ለማንበብ ከልጆቹ ጋር አንጋጠን ቆየን።

የኢብራሂም ታሪክ በንጉሥ አዳራሽ

ታላቁ አዳራሽ የተሠራው ከ1532 እስከ 1535 ባለው ጊዜ ነው። ቁመቱ 18 ሜትር ገደማ ሲሆን የጣሪያው እንጨት በቅርጻ ቅርጽ ተሞልቷል። ንጉሡ ሥራውን ያጣደፈው አዲሲቷን ሚስቱን አን ቦሊንን ለማስደሰት ነበር። በእንጨቱም ላይ የሁለቱ ስም መነሻ ፊደላት ተጠላልፈው ተቀርጸው ነበር። ነገር ግን አዳራሹ ባለቀ በዓመቱ፣ በ1536 የአን ቦሊን አንገት ተቆረጠ። ፊደሎቿ ከየቦታው እንዲፋቁ ቢደረግም ጥቂቶቹ ሳይታዩ አመለጡ። ታላቋ ልጃችን ይህን ከትምህርት ቤት ታውቅ ነበርና አንዱን ፈልጋ አገኘችው። ደስ ብሏት የጀመረችው ፍለጋ ሲሳካ ግን ዝም አለች።

ከዚያ በኋላ ዓይናችን በግድግዳዎቹ ላይ አረፈ። በሱፍ፣ በሐርና በወርቅ ቀለም ክር የተሸመኑ ግዙፍ መጋረጃዎች ተሰቅለዋል። ሄንሪ በብራስልስ ከተማ አሠርቷቸው በ1540ዎቹ መጀመሪያ የመጡ ናቸው፤ ሲሠሩ አሥር ነበሩ። ቀለማቸው ዛሬ ደብዝዟል። መካከለኛዋ አንዱን ቀና ብላ ስታይ ቆየችና «ይህ እኮ የዒደል አድሓ ታሪክ ነው!» ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው። መጋረጃዎቹ የሚተርኩት የነቢዩ ኢብራሂምን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ነው።

እዚህ ላይ ለልጆቻችን ሁለት ነገር መግለጽ ነበረብን። አንደኛ፣ እኛ ሙስሊሞች ነቢያትን በሥዕል አንስልም፤ ክብራቸውን የምንጠብቀው ታሪካቸውን በመማርና ፈለጋቸውን በመከተል ነው። ሁለተኛ፣ መጋረጃዎቹ በመጽሐፍ ቅዱስ ትረካ መሠረት ለመሥዋዕት የቀረበው ኢስሐቅ እንደሆነ ያሳያሉ፤ ከዑለማዎቻችን አብዛኞቹ ግን ኢስማዒል (ዐ.ሰ.) መሆናቸውን ያስተምራሉ። ልዩነቱን በሌላው ሃይማኖት ላይ ሳንሳለቅ ነገርናቸው። ሰዎች የሚያከብሩትን ነገር በቤታቸው ቆሞ ማቃለል የእንግዳ አደብ አይደለም።

ሄንሪ ስለምን ይህን ታሪክ መረጠ? የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ራሱን ከኢብራሂም ጋር ማመሳሰል ወዶ ነው፤ ኢብራሂም በስተርጅና ልጅ እንደተሰጣቸው ሁሉ እርሱም ከብዙ ጥበቃ በኋላ ወንድ ልጅ አግኝቷልና። የመጀመሪያ ሚስቱ ካትሪን የወለደችለት ካደጉት ሜሪ የተባለች ሴት ልጅ ብቻ ነበረች። ወንድ ወራሽ ፍለጋ ካትሪንን ፈታ፤ ፓፓው ፍቺውን ስላልፈቀዱለት አገሩን ከሮማ ቤተ ክርስቲያን ለይቶ በ1534 ራሱን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ አደረገ። አን ቦሊንም በ1533 የወለደችው ሴት ሆነች፤ ስሟም ኤልሳቤጥ ተባለ። የሦስተኛዋ ሚስቱ የጄን ሲሞር ልጅ ኤድዋርድ ግን ወንድ ሆነ። የተወለደውም በዚሁ በሃምፕተን ኮርት በጥቅምት 1537 ነው። እናቱ ከወለደች ከ12 ቀን በኋላ እዚሁ ሞተች።

መካከለኛዋ ወዲያው፣ «ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ግን ለልጅ ብለው ሰው አልገደሉም» አለች። ከመጋረጃዎቹ ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት በዚህች ቃል ውስጥ አገኘን። ኢብራሂም ጌታቸውን ለምነው ልጅ ተሰጣቸው፤ የተሰጣቸውን መልሰው ለሰጪው ለማቅረብ ዝግጁ ሆኑ። ሄንሪ ግን ያልተሰጠውን በግድ ለመውሰድ ሃይማኖትን፣ ትዳርንና የሰው ነፍስን ከፈለበት።

«የሁለት በግ ልጅ»

በቤተ መንግሥቱ ውስጥ በ1545 ገደማ የተሳለ አንድ ትልቅ የቤተሰብ ሥዕል አለ። ሄንሪ በመካከል በዙፋን ተቀምጧል። በአንድ በኩል ትንሹ ኤድዋርድ፣ በሌላው በኩል ጄን ሲሞር አሉ። ጄን በዚያን ጊዜ ከሞተች ስምንት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ወንድ የወለደች ስለሆነች ግን ሙታም በሥዕሉ መካከል ቦታ ተሰጣት። በሕይወት ያሉት ሁለቱ ሴቶች ልጆች፣ ሜሪና ኤልሳቤጥ፣ ከወርቃማዎቹ ዓምዶች ወዲያ፣ አንዷ በግራ አንዷ በቀኝ ዳር ለየብቻ ቆመዋል።

ታላቋ ልጃችን ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያም ወደ ኤድዋርድ እያመለከተች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«የሁለት በግ ልጅ ማለት እሱ ነው?» ብላ ጠየቀችን።

ሌላ ሰው ቢሰማት ምን ማለቷ እንደሆነ አይገባውም። እኛ ግን ወዲያው ገባን፤ በያለንበትም ደርቀን ቀረን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ አራት ዓመት ትንሿ ስትወለድ ዐቂቃ አውጥተን ዘመድ አዝማድ ጠርተን ነበር። እንደሚታወቀው ለሴት ልጅ አንድ በግ፣ ለወንድ ሁለት በግ ማረድ ሱና ነው። ማዕዱ መካከል አንድ ትልቅ ዘመዳችን፣ «ይኸው ሦስተኛውንም በአንድ በግ ጨረሳችሁ! የሚቀጥለውን አላህ የሁለት በግ ልጅ ያድርግላችሁ» ብለው መረቁን። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እኛም ሳቅን። ሁለታችንም ድምፃችንን ከፍ አድርገን «አሚን» አልን። ያን ጊዜ የ8 ዓመት ልጅ የነበረችው ታላቋ በመካከላችን እየተዘዋወረች ሳህን ታነሳ ነበር። ሰምታለች። አራት ዓመት ሙሉ ሳትናገር በልቧ ይዛው ኖራለች።

በዚያ ሥዕል ፊት ቆመን የምንመልሰው አጣን። «ወጥተን እንነጋገራለን» ብለን እጇን ያዝን።

በአትክልቱ ሥፍራ

ምሳችንን በአትክልቱ ሣር ላይ በላን። ከዚያም ቂብላውን ለይተን፣ ከመንገደኛ ራቅ ብለን ዙህርን በጀመዓ ሰገድን። ከሰላምታ በኋላ እዚያው መስገጃው ላይ እንደተቀመጥን ለታላቋ መልስ ሰጠናት። እህቶቿም ሰሙ።

በመጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅናት። ወላጅ ልጁን ይቅርታ ቢጠይቅ ክብሩ ይቀንሳል የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ልጃችን በፊት ያልነገረችንን ሁሉ ስትነግረን አይተናል። ቀጥለንም ሱናው የታዘዘልን ዒባዳ እንጂ የልጅ ዋጋ መመዘኛ አለመሆኑን፣ ስህተቱ ሱናውን የቀልድ መሣሪያ ባደረግነው በእኛ እንጂ በሱናው እንዳልሆነ አስረዳናት። ለወንድ ልጅ ዱዓ ማድረግም ነውር የለበትም። ነውሩ ያልመጣውን እየጠበቁ የመጣውን ስጦታ እንደ ጎዶሎ መቁጠር ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ሹራ ለሚሻው ሴቶችን፣ ለሚሻው ወንዶችን እንደሚሰጥ ሲገልጽ ሴቶቹን አስቀድሞ መጥቀሱን አስታወስናት። በሱረቱ ነሕል ደግሞ ሴት ልጅ መወለዷን ሲሰማ ፊቱ የሚጠቁረውን የጃሂሊያ ሰው መውቀሱን ነገርናት። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወንዶች ልጆች በሕፃንነታቸው ሲሞቱ ጠላቶቻቸው «ዘሩ ተቆረጠ» ብለው ተሳለቁ። ዘራቸው ግን እስከ ዛሬ የቀጠለው በሴት ልጃቸው በፋጢማ (ረ.ዐ.) በኩል ነው። ሁለት ሴቶች ልጆችን እስኪጎለምሱ በመልካም ያሳደገ ሰው በትንሣኤ ቀን ከእርሳቸው ጋር እንደሚቀራረብ ሁለት ጣቶቻቸውን አጣምረው ማሳየታቸውን ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል።

መካከለኛዋ በበኩሏ፣ «ከመጋረጃዎቹ በአንዱ ላይ ሃጀርም አለች፤ ከቤት ስትባረር» አለች። በእርግጥም ለሄንሪ ከተሠሩት አሥሩ መካከል አንዱ ይህንኑ የሚያሳይ ነው። በዚያ ሽመና ሃጀር ከታሪኩ የምትወጣ ሴት ነች። በእኛ ዘንድ ግን ወደ መካ የሚሄድ ሁሉ፣ ንጉሥም ይሁን ድሃ፣ በሶፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ የሚመላለሰው የእርሷን እግር ተከትሎ ነው። ለልጇ ውኃ ፍለጋ የሮጠች እናት ሩጫ የሐጅ ሥርዓት ሆነ።

የሄንሪ ምኞት መጨረሻውስ? ያ ሁሉ ደም የፈሰሰለት ኤድዋርድ በ9 ዓመቱ ነግሦ በ15 ዓመቱ በ1553 ሞተ። ከዚያም ከዓምዱ ወዲያ የቆሙት ሁለቱ ተራ በተራ ነገሡ። ሜሪ አምስት ዓመት፣ ኤልሳቤጥ ደግሞ ከ1558 እስከ 1603 ለ44 ዓመት ገዙ። ኤልሳቤጥ ከኢስታንቡሉ ሱልጣን ሙራድ ሦስተኛና ከሞሮኮው ሱልጣን አሕመድ አል-መንሱር ጋር ደብዳቤ ትጻጻፍ ነበር። በ1600 የሞሮኮው አምባሳደር ዐብዱል ዋሒድ ቢን መስዑድ ለንደን መጥተው ለወራት ተቀምጠዋል። የቱዶር ዘርም በእርሷ አበቃ። አገር ሁሉ የታመሰለት የወንድ ወራሽ ነገር ከንቱ ሆኖ ቀረ።

ታላቋ ሁሉንም ሰምታ፣ «እንግዲያው እኛ ከዓምዱ ወዲህ ነን» አለች። ትንሿ ምኑም ሳይገባት «እኔም!» አለች። እኛም በዚህ ጊዜ «አሚን» አልን።

ቀኑን የጨረስነው በ1700 ገደማ በተተከለው፣ ቁጥቋጦ በቁጥቋጦ የታጠረ መንገድ ማሳቻ ውስጥ ነበር። ልጆች «መሐሉን አገኘሁ» እያሉ ሲሯሯጡ እኛ ሁለት ጊዜ ጠፋን። በመጨረሻ መካከለኛዋ አንድ እጇን ከአጥሩ ሳታነሳ መርታ መሐሉ ላይ አደረሰችን።

መሄድ ለምታስቡ ቤተሰቦች

ጠዋት በማለዳ ብትደርሱ ወጥ ቤቱንና ታላቁን አዳራሽ ሳይጨናነቅ ታያላችሁ። ምሳችሁን ከቤት ይዛችሁ ብትሄዱ ከሐላል ሐሳብም ከወጪም ትድናላችሁ። መስገጃና የውዱእ ውኃ በጠርሙስ መያዝ አትርሱ። የግቢው የጸሎት ቤት ዛሬም አምልኮ የሚካሄድበት ስለሆነ ልጆች ድምፃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ከሁሉ በላይ ግን ልጆቻችሁ ሲጠይቁ አዳምጧቸው። ለእንግሊዝ ንጉሥ የጠየቁት የመሰላችሁ ጥያቄ ለእናንተ የተጠየቀ ሊሆን ይችላል።

አላህ ልጆቻችንን፣ ሴቶቹንም ወንዶቹንም፣ የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።